መቀነቱን ማን ይዞታል? (ስለ አንድ የቅጥር ፈተና)

ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ፓርቲዎች ሽኩቻ ሲጽፍ የኖረ ሰው ድንገት ተነሥቶ ስለ ቅጥር ቃለ መጠይቅ ቢጽፍ፣ አንባብያን «ምን ነካው?» ማለታችሁ አይቀርም። እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን እላለሁ። ይሁንና ባለፈው ዓመት በአንድ የፈተና ኮሚቴ ውስጥ በውጭ ፈታኝነት ተጋብዤ ሁለት ቀን ከተቀመጥሁ ወዲህ፣ በብዙ ሺህ ሰዎች ኑሮ ላይ የሚያዝ ሥልጣን የታሸገ ውሃና የታተመ የጥያቄ ወረቀት በቀረበበት አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲሰጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ጉዳዩ የፖለቲካ ጉዳይ ነው የምለውም ስለዚህ ነው። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ የወጣ አንድ ቃለ ጉባኤ አለ፤ እኔም ፈርሜበታለሁ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ፊርማ ነው።

የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ መጥራቱም አይጠቅምም። ያለ ዋስትና፣ በስልክ አማካይነት አነስተኛ ብድር ለመስጠት የተቋቋመ ነው። ብድር የሚገባውንና የማይገባውን የሚለየው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ክፍት የነበረው የሥራ መደብ «ፕሮዳክት ማኔጀር» የሚባለው ነበር።

ይህ የሥራ ስም ለብዙዎቻችን አዲስ ስለሆነ ጥቂት ላብራራ። ፕሮዳክት ማኔጀር ኮድ አይጽፍም፤ ሒሳቡን የሚያሰሉት መሐንዲሶች ናቸው። ገንዘብም አይመድብም፤ እርሱ የባለቤቶቹ ፈንታ ነው። የእርሱ ድርሻ ምን እንደሚሠራ፣ ለማን እንደሚሠራ፣ የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደሚከተል፣ በመጨረሻም «በቃ፣ ለሕዝብ ይውጣ» የሚባለው መቼ እንደሆነ መወሰን ነው። በቤት ሥራ ብንመስለው ግንበኛውም ባለገንዘቡም አይደለም፤ በሩ በየት በኩል ይከፈት፣ ደረጃው ለአረጋዊት እናት ይመች እንደሆነ የሚወስነው ሰው ነው። ሥራው ብድር በሚሰጥና በሚከለክል ማሽን ላይ ሲሆን ደግሞ በሩ ለማን እንደሚከፈት ጭምር ይወስናል።

የፈተናው ወረቀት 20 ጥያቄዎች ነበሩበት። አብዛኞቹ ከባሕር ማዶ ድርጅቶች ልማድ የተቀዱ ናቸው። «የተጠቃሚውን ቁጥር በ3 ወር ውስጥ እጥፍ ለማድረግ ምን ታደርጋለህ?»፣ «ሦስት ሥራዎች ቢቀርቡልህና ጊዜ የሚበቃህ ለአንዱ ብቻ ቢሆን የትኛውን ታስቀድማለህ?»፣ «በአዲስ አበባ ስንት የነዳጅ ማደያ አለ ብለህ ትገምታለህ?»፣ «በጣም የምትወደው አፕ የትኛው ነው? ምኑንስ ታሻሽለዋለህ?» የሚሉ ነበሩ። ክፉ ጥያቄዎች ናቸው አልልም። ሰው ሲያስብ እንዴት እንደሚያስብ ያሳያሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ተፈታኞች፣ ሁለቱም ጎበዝ ወጣቶች፣ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን እንደ ውዳሴ ማርያም አንበለበሉት። ኮሚቴውም ተደሰተ፤ እኔም ተደሰትሁ።

ሦስተኛዋ ተፈታኝ በክፍለ ሀገር ከተማ በአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ለ9 ዓመት በብድር ሠራተኛነት የሠሩ፣ በኋላም በግላቸው የዳታ ትምህርት የተማሩ ሴት ነበሩ። ስለ ነዳጅ ማደያው ሲጠየቁ «አላውቅም፤ ግን የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ብጠይቅ ይነግረኛል» አሉ፤ ኮሚቴው ሳቀ። በመጨረሻም እንደ ደንቡ «እርስዎስ ጥያቄ አለዎት?» ሲባሉ፣ «አንድ አለኝ» አሉ። «ማሽኑ አይገባህም ብሎ የመለሰው ሰው ለማን አቤት ይላል?»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ፈገግ ብለው «እርሱ በሁለተኛው ምዕራፍ የሚታይ ነው» አሏቸው።

«እኔ የብድር ሠራተኛ ሳለሁ የከለከልሁት ሰው ቢሮዬን ያውቀው ነበር፤ ቤቴንም የሚያውቁ ነበሩ» አሉና ቦርሳቸውን አነሡ።

የነጥብ መስጫው ቅጽ ስድስት ረድፍ ነበረው፤ ለዚህ ዓይነቱ ነገር የተዘጋጀ ረድፍ ግን አልነበረበትም። ሁላችንም በቅጹ መሠረት ሰጠን። ሴትዮዋ ሦስተኛ ወጡ፤ ከሁለቱ ወጣቶች አንዱ ተቀጠረ፤ ቃለ ጉባኤው ዞረ፤ ፈረምሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ጥያቄያቸው ከጆሮዬ አልወጣ ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

* * *

በቀድሞው ዘመን በአገራችን «ሌባ ሻይ» የሚባል የወንጀል መመርመሪያ ነበር። «ሻይ» ማለት የሚሻ፣ የሚፈልግ ማለት ነው እንጂ በስኒ የምንጠጣው አይደለም። ንብረት የጠፋበት ሰው ሲያመለክት ለአንድ ልጅ የሚያፈዝ መጠጥ ይሰጠዋል። ልጁም ራሱን እንደ ሳተ በመንደሩ ውስጥ ይንከራተታል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባልና ዕዳውን እንዲከፍል ይገደዳል። በዘመኑ ወደ አገራችን የመጡ የውጭ አገር ተጓዦች ይህንን በመገረም ጽፈውታል።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ልጁ አይደለም። ልጁ ብቻውን አይሄድም ነበር። በወገቡ የታሰረውን መቀነት ጫፉን ይዞ የሚከተለው ሰው ነበር። መጠጡንም ቀምሞ የሚሰጠው ባለሙያ ነበር። መንደርተኛው ግን ዓይኑን የሚተክለው በልጁ ላይ ነው፤ «ሕፃን ምን ያውቃል? ለማንስ ያዳላል?» እያለ። የልጁ አለማወቅ ለፍርዱ ማመኛ ሆነ፤ መቀነቱን የያዘው ሰው እጁን ወደ የት እንደ ሳበ የጠየቀ አልነበረም።

ዛሬ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የምናደርገው ክርክር ከዚህ ብዙ አልራቀም። ማሽኑ ያስባል ወይስ አያስብም፣ ሥራ ይነጥቀናል ወይስ አይነጥቀንም እያልን በልጁ ላይ እናፈጣለን። ማሽኑ ዘመድ የለውም፣ ጉቦም አይበላም፣ ስለዚህም አያዳላም የሚሉም ብዙዎች ናቸው። መቀነቱን የሚይዘው ሰው ግን የሚመረጠው በቅጥር ፈተና ነው። እንግዲያው ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ስለ ማሽኑ ከመጨነቅ አስቀድሞ ያንን ሰው ምን ብለን እንደምንፈትነው እንነጋገር። ያን ቀን ብጠይቃቸው ኖሮ የምላቸውን አምስት ጥያቄዎች እነሆ።

አንደኛ፦ «አትሥሩት ብለህ ያስቀረኸውን ነገር ንገረን።» በዚህ አልቆይም። ሁሉም ተፈታኝ የሠራውን ይናገራል። በሰው ላይ የሚፈርድ ማሽን ሊረከብ የመጣ ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ «ይህ ሥራ ማሽን አያስፈልገውም» ብሎ በአለቃው ፊት ተከራክሮ የማያውቅ ከሆነ፣ ነገ ሲታዘዝ ሁሉን ይሠራል።

ሁለተኛ፦ «የማለፊያ ነጥቡን የት ላይ ታደርገዋለህ? የትኛውንስ ስሕተት ትመርጣለህ?» ማሽኑ ለእያንዳንዱ አመልካች ነጥብ ይሰጣል። ከስንት በላይ ያለው ይለፍ፣ ከስንት በታች ያለው ይውደቅ የሚለውን ግን የሚወስነው ሰው ነው። ከፍ ቢያደርገው ሐቀኛው ይከለከላል፤ ዝቅ ቢያደርገው ገንዘቡን ይዞ የሚጠፋው ያልፋል። ሁለቱንም ስሕተት የሚያጠፋ ነጥብ የለም።

በወረቀት ላይ እናስላው። 1000 ሰው ብድር ጠየቀ እንበል። ከእነዚህ 50ዎቹ የማይመልሱ፣ 950ዎቹ የሚመልሱ ናቸው። ማሽኑ ከማይመልሱት ከመቶ 90ውን ለይቶ ይይዛል፤ ከሚመልሱትም ከመቶ 10ሩን ብቻ በስሕተት ይከለክላል። ሲሰሙት ግሩም ማሽን ነው። እንግዲህ ከ50ዎቹ 45ቱን ያዘ፤ ከ950ዎቹ ደግሞ 95ቱን ከለከለ። በድምሩ የተከለከለው 140 ሰው ነው። ከእነዚህ ውስጥ 95ቱ፣ ማለትም ከሦስቱ ሁለቱ ያህል፣ ቢሰጣቸው ኖሮ የሚመልሱ ሐቀኞች ነበሩ። ማሽኑ በጠቅላላው ትክክል የሆነው 900 ጊዜ ነው። ማንንም ሳይከለክል ለሁሉም «ይገባሃል» የሚል፣ ምንም ያልተማረ ማሽን ግን 950 ጊዜ ትክክል ይሆን ነበር!

ይህ ማሽኑ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ለአበዳሪው 45 ያልተመለሰ ብድር ከ95 ያመለጠ ወለድ ሊብስ ይችላል። ነገር ግን «ማሽናችን ከመቶ 90 ትክክል ነው» የሚለው ቃል ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ያሳያል። ይህንን ሒሳብ በወረቀትና በእርሳስ ለመሥራት የማይችል ተፈታኝ፣ ስለሚወደው አፕ ያማረ ንግግር ቢያደርግ ምን ይረባናል?

ከዚህ የባሰም አለ። ብድር የተሰጠው ሰው ባይመልስ ስሕተቱ በመዝገብ ይወጣል። የተከለከለው ሰው ግን ይመልስ እንደነበረ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ዕድሉን አላገኘምና። ስለዚህ ማሽኑ የሚማረው ከአንዱ ዓይነት ስሕተት ብቻ ነው፤ ሌላው ድምፅ የለውም። ጥሩ ተፈታኝ ይህን ሲጠየቅ፣ «ከተከለከሉት መካከል በዕጣ ለጥቂቶቹ አነስ ያለ ብድር ሰጥቼ ውጤቱን አያለሁ፤ ወጪውንም በበጀት እይዘዋለሁ» ይላል። ይህን መልስ የሚሰጥ ሰው ብናገኝ በደስታ እንቅጠረው።

ሦስተኛ፦ «ማሽንህ ከማን ተማረ? ማንን አላየም?» አማዞን የሥራ አመልካቾችን ማስረጃ የሚያጣራ ማሽን ለራሱ ሠርቶ እንደነበረ እ.ኤ.አ. በ2018 ሮይተርስ ዘግቧል። ማሽኑ የተማረው በ10 ዓመት ውስጥ ለድርጅቱ ከቀረቡ ማመልከቻዎች ነበር። አብዛኞቹ የወንዶች ስለነበሩ «የሴቶች» የሚል ቃል ያለበትን ማስረጃ ዝቅ ማድረግን ተማረ። ሊያቃኑት ሞክረው በመጨረሻ ተዉት። በዚያው ዓመት ጆይ ቡኦላምዊኒና በአዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ባሳተሙት ጥናት፣ የሰውን ፊት አይተው ወንድና ሴት ከሚለዩ ሦስት የታወቁ ድርጅቶች ማሽኖች መካከል፣ ቀላ ባሉ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ሲሆን በጠቆሩ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ይደርስ እንደነበር አሳዩ። በአማካይ ሲታይ ሁሉም ደህና ነበር፤ ጉዱ የወጣው አማካዩ ሲከፈል ነው።

ይህን ወደ እኛ ቤት እናምጣው። «ፀሐይ» የምትባል ደንበኛ በአንዱ መዝገብ «ጸሐይ»፣ በሌላው «ፀሃይ»፣ በሦስተኛው «ጸሀይ» ተብላ ትጻፋለች፤ ለእኛ አንዲት ሴት ናት፣ ለማሽኑ አራት ናት። በላቲን ፊደል ስትጻፍማ አያድርስ ነው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ ቅጹ ግን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ በዚህም ባልና ሚስት ሁለት ባዕዳን ሆነው ይመዘገባሉ። ጳጉሜን 4 ቀን የተወለደ ሰው 12 ወር ብቻ በሚያውቅ ቅጽ ውስጥ የት ይግባ? እናት በልጇ ስም በወጣ ሲም ካርድ ትጠቀማለች፤ የአሥር ዓመት ሐቀኝነቷ በልጇ ስም ተመዝግቧል። የገበሬውና የእህል ነጋዴው ገቢ በመኸር ይመጣል፤ በክረምት ይደርቃል፤ የወር ደመወዝ ያየ ማሽን ግን ይህን ዝምታ «አቅም የለውም» ብሎ ይተረጉመዋል። እነዚህን የሚያውቅ ሰው የ9 ዓመት የብድር ሠራተኛ ነው፤ እኛ ግን ስለ ነዳጅ ማደያ ጠየቅናቸው።

አራተኛ፦ «ለሚቀጥለው ምዕራፍ የምትተወው ማንን ነው?» ማስቀደም ይሉታል፤ ማስቀደም ካለ ማስቀረት አለ። የዚህን ዋጋ ኢትዮጵያውያን በሌላ መስክ አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በአሜሪካ ሴኔት ቀርባ ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም ጠርታለች። 100 ሚሊዮን ሕዝብና ስድስት ቋንቋዎች አሏት ባለቻት አገር የድርጅቱ የጥንቃቄ ሥርዓት የሚደግፈው ሁለቱን ብቻ መሆኑን ተናገረች። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከመገደላቸው በፊት ስማቸውን እየጠሩ የሚወነጅሉ ጽሑፎች በፌስቡክ ተሰራጭተው እንደነበርና እንዲነሡ ቢያመለክትም በጊዜው እንዳልተነሡ በመግለጽ፣ ልጃቸው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ከሌሎች ጋር ሆኖ በኬንያ ፍርድ ቤት ክስ አቀረበ። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። የክሱን ውጤት ለዳኞቹ እንተወው። እኔ የማስበው ግን ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በሩቅ አገር፣ የትኞቹ ቋንቋዎች በዚህ ዓመት፣ የትኞቹ በሚቀጥለው ይሁኑ የሚል ሠንጠረዥ በፊቱ ዘርግቶ ስለ ተቀመጠ ሰው ነው። ያም ሰው አንድ ቀን ተፈትኖ የተቀጠረ ነው። «የምትተወውን ሰው ፊት አስበኸዋል?» ብሎ የጠየቀው ይኖር ይሆን?

አምስተኛ፦ «የተከለከለው ሰው ለማን አቤት ይላል?» ይህ ጥያቄ የእኔ አይደለም፤ የእርሳቸው ነው። ከሁሉ የሚበልጠውም እርሱ ነው።

በኔዘርላንድስ የግብር መሥሪያ ቤቱ የሕፃናት መዋያ ድጎማ የሚያጭበረብሩትን ለመለየት ማሽን ይጠቀም ነበር። የኔዘርላንድስ ዜግነት አለመኖር ከጥርጣሬ ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ይቆጠር ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች በሐሰት አጭበርባሪ ተብለው ያልነበረባቸውን ዕዳ እንዲከፍሉ ተገደዱ፤ ቤታቸው የተበተነ፣ ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ዝም አላሉም፤ ዓመታት ሙሉ ጮኹ፤ ግን የሚሰማ ሰው አልነበረም። መንግሥቱ በዚህ ምክንያት የለቀቀው እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ነው።

በአውስትራሊያ «ሮቦዴት» የተባለው አሠራር ደግሞ የረቀቀ ማሽን እንኳ አልነበረም፤ ተራ ማካፈል ነው። የአንድን ሰው የዓመት ገቢ በሁለት ሁለት ሳምንት እኩል አካፍሎ፣ «በዚያ ሳምንት ገቢ ስለነበረህ የወሰድኸውን ድጎማ መልስ» ይላል። ሦስት ወር ሠርቶ ዘጠኝ ወር ሥራ የፈታው ሰው ዓመቱን በሙሉ እንደ ሠራ ተቆጠረ። ስሕተቱንም የማስረዳት ሸክም በተከሳሹ ላይ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የሮያል ኮሚሽኑ ዘገባ አሠራሩን ክፉኛ አውግዞታል። በካናዳም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 አንድ አየር መንገድ የድረ ገጹ መልስ ሰጪ ማሽን ለደንበኛ በሰጠው የተሳሳተ ምክር ሲጠየቅ፣ ማሽኑ ለራሱ ተግባር ራሱ ኃላፊ ነው የሚል መከራከሪያ እስከ ማቅረብ ደርሷል። ዳኛው አልተቀበሉትም። ሌባ ሻይ ማለት ይኸው ነው፦ «ልጁ ነው የወደቀው፤ እኔ መቀነት ብቻ ነው የያዝሁት።»

በሦስቱም ታሪኮች የጎደለው የሚሰማ ሰው ነው። ጥሩ ተፈታኝ የሚለየውም በዚህ ነው። «የቅሬታ ቅጽ እናዘጋጃለን» የሚል መልስ አይበቃም። ቅሬታውን በስንት ቀን ውስጥ፣ የትኛው ሰው፣ ውሳኔውን ለመሻር በሚያስችል ምን ሥልጣን ያየዋል? ምክንያቱስ ለአመልካቹ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል? የተሻሩት ውሳኔዎች ተመልሰው ማሽኑን ያስተምሩታል? ማሽኑ ስንት ጊዜ ሲሳሳት ይዘጋል? ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን በፊት የሚታሰብ እንጂ «በሁለተኛው ምዕራፍ የሚታይ» አይደለም። ሁለተኛው ምዕራፍ ብዙ ጊዜ አይመጣም።

* * *

ሁለት መከራከሪያዎች እንደሚቀርቡብኝ አውቃለሁ፤ ሁለቱም ሚዛን የሚደፉ ናቸው።

የመጀመሪያው፦ «ሰውስ ያዳላ የለም ወይ?» የሚል ነው። እውነት ነው። የባንክ ብድር በአገራችን ለረጅም ዘመን ቤት፣ ሕንፃ ወይም መኪና ለሚያስይዝ ሰው የተሰጠ ጸጋ ነበር። ከኃላፊው ጋር ቡና የሚጠጣው ሰው ፋይል ከሌላው ቀድሞ እንደሚነሣ የማያውቅ የለም። በስልክ የሚሰጠው አነስተኛ ብድር፣ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ በቴሌብር የተጀመረውን ጨምሮ፣ የሚያስይዘው ንብረት ለሌለው ሰው አዲስ በር ከፍቷል። ይህን በር ዝጉት አልልም። የምለው በረኛውን ስንቀጥር እንጠንቀቅ ነው። የሚያዳላ የብድር ሠራተኛ በአንድ ከተማ ያዳላል፤ የተሳሳተ የማለፊያ ነጥብ ግን በአንድ ሌሊት በመላው አገር ይሳሳታል።

ሁለተኛው፦ «ማንኛውም ጥያቄ ሲለመድ መልሱ ይሸመደዳል» የሚል ነው። ይህም እውነት ነው፤ የእኔ አምስት ጥያቄዎችም ነገ በቃል ይጠናሉ። መድኃኒቱ ጥያቄውን በሥራ መለወጥ ነው። ለተፈታኙ ማሽኑ የከለከላቸውን 20 ሰዎች ፋይል፣ ስማቸውን ሰርዘን፣ አንድ ሰዓት ጊዜ እንስጠው፦ «ከእነዚህ ውስጥ የተበደለ አለ ብለህ የምትጠረጥረው የትኛውን ነው? ለምን? ለአንዱም ምክንያቱን በአማርኛ ወይም በሌላ በሚያውቀው ቋንቋ ደብዳቤ ጻፍለት።» ይህን ማንም ሊሸመድደው አይችልም። ደብዳቤውን ሲጽፍ እጁ የሚያመነታበት ቦታ ስለ ሰውዬው ከ20ዎቹ ጥያቄዎች የበለጠ ይነግረናል።

አሁን ወደ ለመድነው ወደ መንግሥት ነገር ልመለስ። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉዳይ የግል ድርጅቶች ብቻ አይደለም። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ለዚሁ የሚሆን ተቋም አቋቁሟል፤ ስለ ዲጂታል መታወቂያ በ2015 ዓ.ም.፣ ስለ ግል ዳታ ጥበቃም በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቷል፤ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ደግሞ 5 ሚሊዮን ኮደሮችን የማሠልጠን እቅድ ይፋ ሆኗል። ኮድ የሚጽፍ ወጣት ማብዛት መልካም ነው። ነገር ግን 5 ሚሊዮን ሰው ማሽን መሥራት ቢችል፣ የማለፊያ ነጥቡን የት እንደምናደርገው የሚወስኑት ጥቂቶች ናቸው፤ እነርሱን የሚመለከት ዕቅድ አልሰማሁም። ነገ የእርዳታ እህል ለማን ይድረስ፣ የትኛው ግብር ከፋይ ይመርመር፣ የትኛው ተማሪ ይመደብ የሚለውን ማሽን ቢያግዝ፣ ምክር ቤቱ የሚያጸድቀው አዋጁን ነው፤ የማለፊያ ነጥቡን አይደለም። ነጥቡ በየቢሮው፣ ማንም ባልመረጠው ሰው ይወሰናል። ስለዚህም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ላለው የሥራ መደብ ሲቀጥሩ፣ የነጥብ መስጫ ቅጹን ረድፎች አስቀድመው ለሕዝብ ይፋ ያድርጉ። ከረድፎቹም አንዱ «የአቤቱታ መንገድ» ይሁን። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አዲስ አዋጅም አያሻውም፤ አንድ መሥመር በአንድ ወረቀት ላይ መጨመር ነው።

ለግል ድርጅቶችም ይህንኑ እላለሁ፤ በፈተና ኮሚቴ ለምትቀመጡ ሁሉ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ያን ቀን ቅጹ ረድፍ የለውም ብዬ ዝም ማለቴ ትክክል አልነበረም። የጠበቀብኝ ሰው አልነበረም፤ ያስፈራራኝም አልነበረም። እጄን አንሥቼ «ሰብሳቢ፣ የእኚህ ሴት ጥያቄ ነጥብ ይገባዋል» ለማለት የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ። አላልሁም፤ ሰዓቱ ገፍቶ ነበር፤ ምሳም ደርሶ ነበር። ትልልቅ ጥፋቶች የሚፈጸሙት በክፉዎች ብቻ ይመስለን ነበር፤ ምሳ የደረሰባቸው ደጋጎችም ይፈጽሟቸዋል።

በቅርቡ በሰፈራችን ሱቅ ያለው አንድ ወጣት ስልኩን አምጥቶ አሳየኝ። ከየትኛው ድርጅት እንደሆነ አልናገርም፤ እኔ ከፈተንሁበትም አይደለም። «ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። «ጋሼ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለኝ። አገላብጬ አየሁት፤ የሚደወልበት ቁጥር የለውም፤ የሚኬድበት ቢሮም የለውም። «አላውቅም» አልሁት። እርሱም ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ሴትዮዋ የሚከለክሉት ሰው ቢሮአቸውን ያውቀው ነበር። ለዚህ ወጣት ግን የማመለክተው በር አጣሁ። እንግዲህ በሚቀጥለው ፈተና ላይ የምትቀመጡ፣ ቅጹን ከመፈረማችሁ በፊት መቀነቱን የምታስረክቡትን ሰው አንድ ጊዜ ትክ ብላችሁ እዩት፤ ጥያቄውንም ጠይቁት።

ቸር ይግጠመን።